የማጣሪያ አሸዋ

አዘዞ መታጠፊያው፣ ከማደያው አጠገብ፣
አንድ ጋራዥ አለኝ፣ በሩ ዝገት ለበስ፣ ውስጡ እንደ ጓዳ ጠባብ።
እዚያ ነው የማየው ዓለምን ተኝቼ፣
በጀርባዬ ሆኜ፣ መኪና ሥር ገብቼ።

ከመተማ በኩል አቧራ ለብሰው የሚመጡት፣
ጣሪያቸው ላይ ድንኳን፣ ጎናቸው ላይ አካፋ፣ ጀሪካን ያሰሩት፣
ከየት ናችሁ አልል፤ ሰሌዳም አላይም፤
የአየር ማጣሪያ እንደሆን መዋሸት አያውቅም።
ፈትቼ ሳራግፈው ባሮጌ ጋዜጣ፣
ስንቱ አገር ነው ያለ ፓስፖርት የሚመጣ!
ይሄ እንደ በርበሬ የደቀቀው፣ ቀዩ፣
ከአልጄሪያ ደቡብ ነው፣ ታማንራሰት ግድም፤ እሳት ነው ጠባዩ።
ይሄ ነጣ ያለው፣ እንደ ሽሮ ልሞ፣
የግብጽ ምዕራብ ነው፤ ሞተር አንቆ የሚገድል፣ ቀስ ብሎ፣ አዝግሞ።
የዋዲ ሃልፋ ግን ሻካራ ነው ጥርሱ፤
ጎማውን ያኝካል፣ ኩሽኔታ ይበላል፣ አይጠግብም እሱ።

በየብልቃጡ አለኝ፣ የሳል መድኃኒት በነበረው ጠርሙስ፣
ዘጠኝ በረሃ ተደርድሮ፣ ከመስኮቱ እስከ ቅባቱ ጣሳ ድረስ።
እኔ ራሴ ግን መተማን አልዘለልኩ፤
እዚያም አንዴ ነው፤ አይሱዙ ልጠግን ሄጄ በማግስቱ ተመለስኩ።

ባለፈው ጥቅምት ነው ዙሊኻ የመጣች፣
ቱኒዚያዊት፣ ከስፋክስ፤ አባቷን ሐማዲን ከጎኗ ያስቀመጠች።
መኪናዋ ላንድሮቨር፣ ከኔ በዕድሜ የሚልቅ፣
ፍሬኑ ሲያዝ የሚያለቅስ፣ ሲለቀቅ የሚስቅ።
እኔ በመተማ ዓረብኛ፣ እሷ በእጇ እያወራች፣
ኮፈኑ አቧራ ላይ በጣቷ መንገዷን ሠራች።
አትላስ ይሄ ነው፣ አለች፤ በረዶው ላይ ጎማ እየከዳት፣
አባቷ ሲቀራ፣ እሷ ስትሳደብ፣ ሌሊቱ የነጋባት።
ፌዝ ይቺ ናት ስትለኝ ሳቅኩ፤ እኛ ዘንድ ፌዝ ቀልድ ነው፤
እሷ ግን አልቀለደችም፤ ግንቡ ውስጥ መኪና አይገባም፣ አህያ ነው መንገዱን የሚያዘው።
ከዚያ ጣቷ ቀጠለ፣ ረዥም፣ ምንም ሳይኖር በመሃሉ፤
ይሄስ? አልኳት። ይሄማ፣ አለች፣ አሥራ አንድ ቀን ነው፤ አሸዋ ነው ሁሉ።

ሐማዲ ያን ቀን የፋሲልን ግንብ አይቶ መጥቶ፣
ቅባት የጠጣው ወንበሬ ላይ እግሩን ዘርግቶ፣
«እጄን ድንጋዩ ላይ ሳሳርፍ ኖራው ያገሬ ኖራ መሰለኝ፤
ይሄን ሁሉ አገር አቋርጬ ሰፈሬ ነው የጠበቀኝ» አለኝ።
እኔ በበሩ ሳልፍ አርባ ዓመት፣ አንድ ቀን እጄን አላሳረፍኩ፤
ቅባት ነው እጄ ብዬ ይሆናል፤ ወይም ሥራ በዝቶብኝ፤ አላወቅኩ።

ፍሬኑ አለቀ በሦስተኛው ቀን፤ ልፈትነው አልኳት፣
እስከ ወለቃ ነው፤ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ መጣሁ፣ ብዬ ተውኳት።

ወለቃን አለፍኩት። እግሬ አልነገረኝም።
ኮሶዬ ላይ ማዞሪያ ነበረ፤ መሪው አልዞረልኝም።
አምባ ጊዮርጊስ ላይ ገብስ አጫጆች ቀና ብለው አዩኝ፤
ጣሪያው ላይ ድንኳን አይተው፣ ፈረንጅ መስያቸው፣ «ዩ! ዩ!» ብለው ጠሩኝ።
ሳቄ መጣ፤ ደግሞ ደስ አለኝ፤ ላንድ ቀን ማንም አላወቀኝ።

ዳባትን፣ ደባርቅን፤
ፀሐይ ስትጠልቅ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ቆምኩ።
ከእግሬ ሥር መንገዱ እንደ ተፈታ ጥምጥም ቁልቁል ይወርዳል፤
ከዚያ ማዶ ተራራ፣ ከዚያ ማዶ ቆላ፣ ከዚያ ማዶ… ማን ያውቃል?
ነዳጅ ግማሽ ነበር። ሞተሩ ይተነፍሳል።
እግሬ ፍሬን ላይ ነበረ፣ ሳላውቀው፤ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል።

ማታ አራት ሰዓት ስመለስ፣ ዙሊኻ ጎማ ላይ ተቀምጣለች፤
አልተቆጣችም። የኔንም ሻይ ጠጥታዋለች።
«ፍሬኑ ይይዛል?» አለችኝ፣ ቁልፉን ከእጄ ሳትቀበል።
«ይይዛል» አልኳት፤ «እንኳን መኪናውን፣ ነጂውንም ይይዛል።»

በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር ሄዱ። ያጸዳሁትን ማጣሪያ ዳግም ሳራግፍ፣
ጥቂት አፈር ወርዶ ነበር፣ ቡናማ፣ ቀላል፣ ስስ እንደ ዝንብ ክንፍ።
አሥረኛው ብልቃጥ ውስጥ ነው። ስም አልጻፍኩበትም።
እንየው ረዳቴ ግን ዓይኑ አያርፍም፤
«ጋሼ» ይለኛል፣ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄኛውስ የየት በረሃ ነው?»
አሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ አቀብለኝ፣ እለዋለሁ፤ አይሱዙው ለነገ ነው የሚፈለገው።